ምዕራፍ ሰባት፦ ድሉ ከተረጋገጠ በኋላ ያለው ሰዓት

ሐምሌ 19 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካና አንጎላ በቅርጫት ኳስ ተገናኙ። በአንድ ወገን ማይክል ጆርዳን፣ ማጂክ ጆንሰንና ቻርልስ ባርክሌይ ያሉበት፣ ዓለም «የሕልም ቡድን» ያለው ስብስብ ቆመ። በሌላው ወገን የአፍሪካ ሻምፒዮኗ አንጎላ ነበረች። ጨዋታው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ አለቀለት። አሜሪካኖቹ በተከታታይ 46 ነጥብ ሲያስቆጥሩ አንጎላ ያገኘችው 1 ብቻ ነበር። ያቺ አንዷም የመጣችው ከቅጣት ምት ነው፤ ባርክሌይ ኸርላንደር ኮይምብራ የተባለውን ቀጭን የአንጎላ ተጫዋች ደረቱ ላይ በክርኑ ስለመታው። ጨዋታው 116 ለ 48 ተጠናቀቀ።

ከ12 ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ እዚያው ከተማ በሴቶች 10 ሺህ ሜትር ሁለት አፍሪካውያን ከሌሎቹ ተነጥለው ወጡ። ደራርቱ ቱሉ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤሌና ሜየርን ለረጅም ጊዜ ከኋላ ከኋላ ስትከተላት ቆይታ በመጨረሻው ዙር ጥላት ሄደች። ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድማ ገባች። ከዚያ ቆማ ጠበቀቻት፤ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ከኦሊምፒክ ታግዳ የተመለሰችበት ዓመት ስለነበር ያ ዙር ከሩጫም በላይ ትርጉም ነበረው።

እንደገና 11 ቀን አለፈ። ነሐሴ 12 ቀን ዮርዳኖስ ውስጥ፣ ኢርቢድ በምትባል ከተማ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በኢራቅ 13 ለ 0 ተሸነፈ። ይህ ውጤት በብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ትልቁ ሽንፈት ሆኖ ተመዝግቧል።

ሦስቱም በአንድ ክረምት፣ በ24 ቀን ውስጥ የሆኑ ናቸው። በሦስቱም ላይ አንዱ ሌላውን በግልጽ በልጧል። ሲታወሱ ግን አንድ ዓይነት ስሜት አይፈጥሩም። የደራርቱ ድል ሲነሳ ሜየርን ያዋረደ ነው የሚል የለም። የባርክሌይ ክርን ግን ከ30 ዓመት በኋላም ይወቀሳል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ በላጩ ወገን ድሉን ካረጋገጠ በኋላ በቀረው ሰዓት ምን ማድረግ ይገባዋል? ነጥብ ማግበስበስ ነውር ነው ወይስ ነውሩ ሌላ ቦታ ነው?

ቆሞ መጠበቅ የማይፈቀድበት ጨዋታ

በቅርጫት ኳስ ይህ ጥያቄ ከእግር ኳስ ይልቅ ይከብዳል። በእግር ኳስ 5 ለ 0 የሚመራ ቡድን ኳሷን በተከላካዮቹ መካከል እያመላለሰ ሰዓቱን መጨረስ ይችላል። በቅርጫት ኳስ አይችልም። ድሮ ይቻል ነበር። ኅዳር 1943 ዓ.ም. ፎርት ዌይን ፒስተንስ የተባለው ቡድን የሚኒያፖሊስ ሌከርስን ኮከቦች በጉልበት ስለማይችላቸው ኳሷን ይዞ በመቆም 19 ለ 18 አሸነፈ። ተመልካች እንዲህ ላለው ጨዋታ ገንዘብ አይከፍልም። ስለዚህ የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ከ1947 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ እንዲወረውር ሕግ አወጣ።

የዚህ ሕግ ውጤት ግልጽ ነው። በ40 ነጥብ የሚመራ ቡድንም በየ24 ሰከንዱ መወርወር አለበት፤ ከወረወረ ደግሞ መግባቱ አይቀርም። እንግዲህ ጨዋነቱ የሚለካው በመወርወሩ ሳይሆን በአወራወሩና በወርዋሪው ማንነት ነው። ባለሙያዎቹ በወረቀት ያልሰፈረ ሕግ አላቸው። ልዩነቱ ሲሰፋ ዋናዎቹ ተጫዋቾች ይቀመጣሉ፤ ተቀያሪዎች ይገባሉ። ተቃራኒውን ሜዳውን ሙሉ እየተከታተሉ ማስጨነቅ ይቀራል። በመጨረሻው ኳስ ከ24 ሰከንድ ያነሰ ሲቀር ደግሞ መሪው ቡድን ኳሷን እያነጠረ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይቆማል እንጂ አይወረውርም።

ይህን ልማድ የጣሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት መጋቢት 1995 ዓ.ም. ሪኪ ዴቪስ አይቶታል። ቡድኑ ክሊቭላንድ ዩታን 120 ለ 95 ይመራል፤ የቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ዴቪስ በነጥብ፣ በማቀበልና ተመላሽ ኳስ በመያዝ፣ በሦስቱም ሁለት አኃዝ ለመሙላት የጎደለው አንድ ተመላሽ ኳስ ብቻ ነበር። ያን ለማግኘት ሲል በራሱ ቡድን ቅርጫት ላይ ሆን ብሎ ወርውሮ ያልገባችውን ኳስ ያዘ። የዩታው ዴሾን ስቲቨንሰን ወዲያው በኃይል ጥፋት ሠራበት። የዩታው አሠልጣኝ ጄሪ ስሎን ተጫዋቹን አልወቀሰም፤ እንዲያውም ደገፈው። ክሊቭላንድም የራሱን ሰው ቀጣ። ዴቪስ በዚያች ቅጽበት በተቃራኒው ቡድን ላይ አንድም ነጥብ አልጨመረም፤ ተቃራኒውን ግን የግል ቁጥሩ ማሟያ አድርጎታል። የሚያስቆጣው ይኸው ነው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሜምፊስ ግሪዝሊስ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደርን 152 ለ 79 አሸነፈ። የ73 ነጥብ ልዩነቱ በኤንቢኤ ታሪክ ከሁሉም ይበልጣል፤ በ1984 የውድድር ዘመን ክሊቭላንድ ማያሚን 148 ለ 80 ሲያሸንፍ የተመዘገበውን የ68 ነጥብ ልዩነት ሽሮታል። ይሁንና ሜምፊስን «አዋረዳቸው» ብሎ የከሰሰ የለም ማለት ይቻላል። የቡድኑ ዋና ኮከብ ጃ ሞራንት በጉዳት አልተሰለፈም፤ ልዩነቱ ሲሰፋም ሜዳውን የያዙት ተቀያሪዎቹ ናቸው። ለተቀያሪ ተጫዋች ያለቀለት ጨዋታ ብቸኛ ፈተናው ነው። በቀጣዩ ዓመት ሥራ ይኑረው አይኑረው የሚወሰነው በእነዚያ ደቂቃዎች ባሳየው ነውና አትወርውር ማለት እንጀራውን መንጠቅ ይሆናል።

83 ነጥብና ሁለት መልሶች

ሐምሌ 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ለንደን ኦሊምፒክ ላይ አሜሪካ ናይጄሪያን 156 ለ 73 አሸነፈች። ካርሜሎ አንቶኒ ብቻውን በ14 ደቂቃ ገደማ 37 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከወረወራቸው 12 ኳሶች 10ሩ ገቡለት። ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ማይክ ሺሸቭስኪ ማዋረድ ፈልጋችሁ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ተቆጣ። ቡድኑ በመጨረሻው ሩብ ፈጣን መልሶ ማጥቃት አቁሞ፣ ሰው በሰው መያዙንም ትቶ ቦታ ብቻ ሲጠብቅ እንደነበር አስረዳ። አንድ ቡድን ሲቀናው ኳሱ አልገባም አይልም።

ያም ሆኖ ነገሩን የአሠልጣኙ ማብራሪያ ብቻ አልዘጋውም። ሌላ መልስ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከራሷ ከናይጄሪያ መጣ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ላስ ቬጋስ ላይ፣ በአሜሪካኖቹ ሜዳ፣ ናይጄሪያ በወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን 90 ለ 87 አሸነፈች። አሜሪካን በዚህ ደረጃ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች።

አንጎላ ደግሞ እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ አላስፈለጋትም። በ68 ነጥብ ከተሸነፈች አምስት ቀን በኋላ፣ በዚያው ኦሊምፒክ፣ አዘጋጇን ስፔንን በገዛ ሕዝቧ ፊት 83 ለ 63 ረታች። በ73 ነጥብ የተቀጣው ኦክላሆማ ሲቲም በሰኔ 2017 ዓ.ም. የኤንቢኤ ሻምፒዮን ሆነ።

በሰፊ ልዩነት የተሸነፈ ተመልሶ ማሸነፍ እንደሚችል የኢትዮጵያም የእግር ኳስ ታሪክ ይመሰክራል። የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያስቆጠረው አድ ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ በድጋሚ 4 ለ 0። በሦስተኛው፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ግብፅ በ1949 ሁለት ግብ ካገባች በኋላ በርኅራኄ ብታቆም ኖሮ ኢትዮጵያውያኑ ምን ያህል እንደሚቀራቸው በምን ያውቁት ነበር? ሳይሸራረፍ የደረሰ ሽንፈት ርቀቱን በትክክል ይናገራል።

ማዘንም ሊያዋርድ ይችላል

ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ቤሎ ኦሪዞንቴ ላይ ጀርመን ብራዚልን በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እስከ ዕረፍት 5 ለ 0 መራች። ተከላካዩ ማትስ ሁመልስ በኋላ እንደተናገረው የጀርመን ተጫዋቾች በዕረፍት ሰዓት አንድ ነገር ተስማሙ፦ ጨዋታው በቁም ነገር ይቀጥላል፤ ብራዚልን ማሾፊያ ማድረግ ግን አይኖርም። ከዕረፍት በኋላ ሁለት ግብ ጨመሩ፤ 7 ለ 1 አለቀ። የብራዚል ደጋፊዎች አለቀሱ፤ ጀርመኖቹን ግን ባለጌ ያላቸው የለም።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ግምት ይሳሳታል። ተቃራኒን ማክበር ማለት ግብ መተው ይመስለዋል። ሜዳ ላይ የቆመ ተጫዋች ግን ባላጋራው ሆን ብሎ ወደ ውጭ ሲመታ ያውቀዋል። ኳሷን እያቀባበሉ፣ በተረከዝ እየነኩ ከወዲህ ወዲያ ሲያሯሩጡት ደግሞ ሰባተኛ ግብ ከሚገባበት የበለጠ ይቆጣል። ሰባተኛው ግብ «አሁንም ባላጋራዬ ነህ» ይለዋል። ማንቀልቀሉ «መጫወቻዬ ነህ» ይለዋል።

ሰኔ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. በሴቶች የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ታይላንድን 13 ለ 0 ስታሸንፍ የተነሣው ክርክርም ወደዚሁ ይመራል። አሌክስ ሞርጋን ብቻዋን 5 አገባች። በምድብ ጨዋታ የግብ ክፍያ ስለሚቆጠር ግብ በማግባታቸው የነቀፋቸው ጥቂት ነው። የተነቀፉት ዘጠነኛውና አሥረኛው ግብ ሲገባ እንደ ዋንጫ ግብ በመጨፈራቸው ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ግቧን ያገባች ልጅ ደስታዋን ደብቂ ሊባል አይገባም። ቢሆንም ወቀሳው ያነጣጠረው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፦ በሰሌዳው ቁጥር ላይ ሳይሆን በተሸናፊው ፊት በሚታየው ጠባይ ላይ።

የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ይህን ያውቃል። በገና ዕለት አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ያበሻቅጣል፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን አይቆጣም። ይህ የሚቻለው ግን ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ስለተስማማበት፣ ዕለቱም ተወስኖ ስለተሰጠው ነው። በማግስቱ ያው ሰው ያንኑ ስድብ በገበያ ቢደግመው ጠብ ይሆናል። ያልተስማሙበት ፌዝ የገና ፈቃድ የለውም።

ልዩነቱን ያስወደደው ማን ነው?

ተጫዋቾችን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግብ የሚያግበሰብሰው ሕጉ ነው።

ኤንቢኤ በ2016 የውድድር ዘመን በመደበኛው ውድድር መካከል አዲስ ዋንጫ ጀመረ። በምድቡ እኩል የሆኑ ቡድኖች ከሚለዩባቸው መመዘኛዎች አንዱ የነጥብ ልዩነት እንዲሆን ተደነገገ። ኅዳር ላይ ቦስተን ሴልቲክስ ቺካጎ ቡልስን በሰፊ ልዩነት እየመራ ሳለ አሠልጣኙ ጆ ማዙላ ተጫዋቾቹን የቺካጎው አንድሬ ድራሞንድ ላይ ሆን ብለው ጥፋት እንዲሠሩ አዘዘ። ድራሞንድ ቅጣት ምት ይስታልና፣ በሳተ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። በሌላ ጊዜ ይህ የሚደረገው እየተሸነፉ ነው፤ በ30 ነጥብ ገደማ እየመሩ ማድረግ ያልታየ ነገር ነበር። ጨዋታው 124 ለ 97 አለቀ፤ ቦስተን አለፈ። ማዙላ የቺካጎውን አሠልጣኝ ቢሊ ዶኖቫንን ይቅርታ ጠየቀ። ለዓመታት የኖረውን ያልተጻፈ ሕግ አንድ የተጻፈ መስመር በአንድ ምሽት ሻረው።

በአፍሪካ ከዚህ የከፋም ታይቷል። ሐምሌ 2005 ዓ.ም. ናይጄሪያ ውስጥ ወደ ቀጣዩ የሊግ እርከን ለማደግ በነጥብ እኩል የነበሩ ሁለት ክለቦች በአንድ ቀን ተጫወቱ። አንዱ 79 ለ 0፣ ሌላው 67 ለ 0 አሸነፈ። ይህ ኳስ ሳይሆን ደባ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ፌዴሬሽኑም አራቱን ክለቦች ቀጣ። ደባው ግን የተወለደው አላፊውን በግብ ክፍያ ከሚለይ ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ነጥብ እኩል ሲሆን ደረጃው የሚለየው በግብ ክፍያ ነው። የግል ክብርም አለ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ባነሣበት በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓመቱም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ። ለእንዲህ ያለ አጥቂ 4 ለ 0 እየመራ የተገኘች አምስተኛ ግብ የነገ ኑሮው ናት። ባለሙያ ከባለሙያ ጋር በሚጫወትበት ሜዳ አግባ ወይም አታግባ ብሎ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ደመወዝተኛ ናቸው፤ ሁለቱም ሠልጥነው፣ አውቀውት የገቡበት ነው።

ልጆች ሲሆኑ

የልጆች ሜዳ ግን ሌላ ነው። ጥር 2001 ዓ.ም. በቴክሳስ ዳላስ የአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን የሌላ ትምህርት ቤትን ቡድን በቅርጫት ኳስ 100 ለ 0 አሸነፈ። የተሸነፈው ትምህርት ቤት ለመማር የሚቸገሩ ተማሪዎችን የሚያስተምር፣ ሴት ተማሪዎቹም 20 ገደማ ብቻ የሆኑ ነበር። አሸናፊው ትምህርት ቤት አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ድሉም እንዲሰረዝለት አመለከተ። ይቅርታውን በአደባባይ የተቃወመው አሠልጣኝ ከሥራ ተሰናበተ። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥ የሚያደርግ ሕግ አለ፤ ማንም አትወርውር አይባልም፤ መከራው ብቻ ያጥራል።

እንዲህ ያለ ሕግ ገንዘብ አይጠይቅም። በጎንደር ቆላ፣ ሳንጃ ላይ፣ ገንዳ ውኃ ላይ ወይም መተማ ዮሐንስ ላይ የትምህርት ቤቶች ወይም የወረዳ የእግር ኳስ ውድድር ሲዘጋጅ የሚገናኙት ቡድኖች እኩል አይደሉም። ከከተማው የመጣው አሠልጣኝ፣ ማሊያና በቂ ተቀያሪ ይኖረዋል። ከገጠር ቀበሌ የመጣው ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ በቆላው ፀሐይ፣ አንዳንዴ አሥራ አንዱን እንኳ በጭንቅ አሟልቶ ይገባል። እዚህ 12 ለ 0 የሚሆነው ውጤት የልጆቹን ችሎታ ሳይሆን የአዋቂዎቹን ድልድል ይናገራል። በቀጣዩ ዓመት ያ ቀበሌ ቡድን ካልላከ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም።

ስለዚህ የውድድር አዘጋጆች ሦስት ነገር ይጻፉ። አንደኛ፣ በአንድ ጨዋታ ከአምስት በላይ የገባ ግብ ለግብ ክፍያ አይቆጠር፤ እኩል የሆኑትን የእርስ በርስ ውጤታቸው ይለያቸው። ሁለተኛ፣ በሰፊ ልዩነት የሚመራ ቡድን ተቀያሪዎቹን ሁሉ እንዲያስገባ ይገደድ፤ የገቡት ልጆች ግን በሙሉ ኃይላቸው ይጫወቱ፣ ግብም ያግቡ። ሦስተኛ፣ በየውድድሩ መጨረሻ የሚሸለመው የጸባይ ዋንጫ ቢጫና ቀይ ካርድ በመቁጠር ብቻ አይሰጥ፤ ዳኞች በሰፊው የመራ ቡድን ድሉን ካረጋገጠ በኋላ በቀረው ሰዓት እንዴት እንደተጫወተ ይመዝግቡ፤ በ6 ለ 0 እየተመራ እስከ መጨረሻው ፊሽካ የሮጠውንም ቡድን ይመዝግቡ። ይህን ለመጀመር የፌዴሬሽን ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ውድድር ደንብ ሲረቀቅ ሦስት መስመር መጨመር ይበቃል።